አምፓሮን ለማስፈታት

አምፓሮን ለማስፈታት የሄድነው አንድ ቅዳሜ ጧት ነው። ሌሎቹ ለሌላ ጉዳይ የሚሄዱ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ብሆንም የምሄድበትን አሳምሬ አውቅ ነበር። በቀሚሴ ኪስ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይዣለሁ። የታሰረ ሰው ይርበዋል፤ ይህን ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

አምፓሮ በሬዲዮ ውስጥ የምትኖር ሴት ነበረች። የሰፈራችን ሴቶች ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ተደርድረው ዓሣ ይሰነጥቃሉ፣ ጨው ይነሰንሳሉ፣ በቀርከሃ ርብራብ ላይ ያሰጣሉ። ሬዲዮኑ ደግሞ ከኮኮናት ዛፍ በገመድ ተንጠልጥሎ ከቀትር በኋላ የአምፓሮን መከራ ያወራል። አምፓሮ ድሃ ናት፤ የሀብታም ልጅ አገባች፤ ባሏ ባሕር ተሻግሮ ሄደና ከአማቷ ከእመቤቲቱ ከዶኛ ፕሪሚቲቫ እጅ ወደቀች። ዶኛ ፕሪሚቲቫ ውሃ ቀጠነ ብላ የምትቆጣ ሴት ናት። ሳህን ትወረውራለች፣ ፀጉር ትጎትታለች፣ ከዚያ ትስቃለች። ያ ሳቅ ሲሰማ የሰፈሩ ውሾች ሳይቀሩ ተነሥተው ቦታ ይቀይሩ ነበር። አምፓሮ ግን የቱንም ያህል ብትበደል ምግቡን አቅርባ፣ አማቷን እንደ ወላጅ እናቷ ናናይ ብላ ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦ «ይብሉ እንጂ ናናይ፤ ሳይቀዘቅዝ።»

ይህን ስትሰማ ማናንግ ኦፔ ሁልጊዜ ታለቅስ ነበር፤ በሰፈራችን ታላላቅ ሴቶችን ማናንግ፣ ወንዶችን ማኖንግ ነው የምንለው። እንባዋ ዓሣው ላይ ሲንጠባጠብ፣ የማድረቂያው አለቃ ማናንግ ትሪኒንግ «በዚህኛው ረድፍ ጨው ቀንሱ፤ ኦፔ ጨምራበታለች» ትላለች።

ከዚያ አውሎ ነፋስ መጣና የሬዲዮ ጣቢያውን ምሰሶ ጣለው። የመጨረሻ ቀን የሰማነው አምፓሮ በትኩሳት ታማ ላይኛው ክፍል እንደ ተቆለፈባት ነው። ዶኛ ፕሪሚቲቫ ፋኖስ ይዛ ደረጃውን ትወጣለች፤ እንጨቱ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ቁልፉ ይዞራል። በቃ። ምሰሶው እንደገና ሲቆም በዚያ ሰዓት የሳሙና ማስታወቂያና የጭፈራ ሙዚቃ ብቻ ሆነ። ደራሲው ማኒላ ገብቶ ቀረ ተባለ። ሴቶቹ ዘመድ የሞተባቸው መሰሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ሬዲዮው ዝም አለ እንጂ አምፓሮን ከዚያ ክፍል ማን አወጣት?

ከሁሉም የባሰባት አያቴ ነበረች፤ ሎላ ባሲሊያ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ደረቷን ታማ ተኝታለች። ቄሱ መጥተው ዘይት ቀብተዋታል። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የዶኛ ፕሪሚቲቫን መጨረሻ ሳላውቅ እህል አልቀምስም፣ ሳላውቅም አልሞትም አለች።

«እንግዲያማ ባንነግራት አይሻልም?» አለች ማናንግ ትሪኒንግ። «ሁለት መቶ ዓመት ትኖርልናለች።»

ሳምንት ሲሞላት ግን የሎላ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገባ፣ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ይወድቅ ጀመር፣ ቀልዱም ቆመ። እናቴ ጧት ማታ የሩዝ አጥሚት በዝንጅብል ትሠራለች፤ አጥሚቱ እንደ ገባ ተመልሶ ይወጣል።

ሎላ ከእናቴ ፊቷን ማዞሯ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ደህና በነበረችበት ጊዜም ከእናቴ እጅ ትበላ ነበር እንጂ ከእናቴ ጋር አታወራም። እናቴ የኔግሮስ ደሴት ሰው ናት፤ የሸንኮራ ቆራጮች ልጅ። አባቴ መርከበኛ ሆኖ ሲዞር አገኛትና ለእናቱ ሳይነግር አግብቶ አመጣት፤ ከዚያ ተመልሶ ባሕር ገባ። ሎላ «ያቺ» ነበር የምትላት። ያቺ ጨው አበዛች፤ ያችን ውሃ አምጪ በያት። መልእክተኛዋ እኔ ነበርኩ። እናቴም የተባለችውን ሠርታ ወደ ኩሽናዋ ትገባለች። አንድ ጣራ ሥር ያሉ ሁለት ሰዎች በልጅ አፍ መነጋገራቸው የሁሉም ቤት ልማድ ይመስለኝ ነበር።

መላ ያመጣው መንገደኛ የሚያመላልሰው ረጅም ጂፕ፣ የጂፕኒው ሾፌር ማኖንግ ቤሮይ ነው። ዶኛ ፕሪሚቲቫ የምትኖረው በሳን አኒሴቶ ነው አለ፤ መንገደኛ ሲያደርስ ቤቷን አሳይተውታል። ዛሬ ሳስበው የዶኛዋን ድምፅ የምትሠራው ተዋናይት እዚያ ትኖራለች ማለቱ ነበር። ሴቶቹም እንደዚያው ነው የሰሙት፤ ሄደው መጨረሻውን ጠይቀው ለሎላ ሊያመጡላት ተስማሙ። እኔ ግን ሰፊ ቤት፣ ደረጃ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ የተቆለፈ በር ታየኝ። እናቴ ሎላን ለመጠበቅ ስለምትቀር ማናንግ ትሪኒንግ እኔን እንድትወስደኝ አለቀስኩ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ በመጨረሻም ዝም እንድል ብለው ፈቀዱልኝ።

የዚያን ቀን ጧት እንዳማሩት ሴቶቹ አምረው አያውቁም። የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ፊታቸው በዱቄት ነጥቷል፣ ከንፈራቸው ቀልቷል፤ ከሁሉም በላይ ግን ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ። ለስጦታ አንድ ጆንያ የደረቀ ዓሣ ተጭኗል። ማናንግ ትሪኒንግ ጂፕኒው ከመነሣቱ በፊት በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዷን አስማለች።

«ሴትዮዋን አልመታም በሉ» አለች። «ድምፅዋን ብትሰሙም አልመታም በሉ።»

ሁሉም ማሉ። ማናንግ ኦፔ፣ እኔ በሕይወቴ ዝንብ መትቼ አላውቅም ብላ መማሏን እንደ ስድብ ቆጠረችው። ከዚያ ዘፈን ተጀመረ። ማኖንግ ቤሮይ ጥሩንባውን በዜማው መሐል እያስገባ ይነፋል፤ ጎማችን ፈነዳ፤ ጎማው እስኪቀየር ሴቶቹ ሸንኮራ ማሳ ውስጥ ገብተው ሽንታቸውን ሸኑ፤ አንዷ እባብ አየሁ ብላ ስትሮጥ ሁሉም ቀሚሳቸውን እንደ ሰበሰቡ ሮጡ። ስቄ ስቄ ትን አለኝ። በመሐሉ ግን እንቁላሌን እየዳሰስኩ ነበር።

ሳን አኒሴቶ ትንሽ ከተማ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ የዶሮ መታገያ፣ ሌላ ምንም። ቤቷን ለማግኘት መጠየቅ እንኳ አላስፈለገንም። የሴቶቹን አለባበስ ያየ ሁሉ እጁን ወደ አንድ አቅጣጫ ይዘረጋል። የከተማው ሰው ይኮራባታል፤ ገበያ ስትወጣ ግን የትናንቱን ዓሣ ነበር የሚሸጡላት። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ቤቱ አንድ ፎቅ እንኳ የለውም። ይህ ቅር አሰኘኝ። በሩ ሲከፈት ደግሞ ከማናንግ ትሪኒንግ ብብት የማታልፍ፣ ባለ ነጠላ ጫማ፣ የተሰነጠቀ መነጽር ያደረገች አሮጊት ብቅ አለች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሮጊቷም በዚያ ስንት ዓመት ባወቅነው ድምፅ፣ «ምን ፈለጋችሁ?» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዓይን ጥቅሻ ነው። ጷ የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል ማናንግ ኦፔ ናት፤ በሕይወቷ ዝንብ ያልመታችው። የገዛ እጇን ከፊቷ አውጥታ የሰው እጅ ይመስል ትመለከተዋለች። ወዲያው ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ይቅርታ ትለምን ጀመር። እኔ ብቻ ነበርኩ ልቤ ቅቤ የጠጣው።

ሚስ ፌሊሲዳድ ታሮሳ፣ ስሟ እንደዚያ ነው፣ መነጽሯን አቃናች። «ተነሺ የእኔ እናት» አለቻት። «እኔ ቤት ሰው የሚገባው ከጥፊ በኋላ ነው። የቀራችሁ ካለች ትምታኝና ሁላችንም ገብተን እንቀመጥ።»

ገቡ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ኬክ ቀረበ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ የሎላን ነገር አስረዱና መጨረሻውን ጠየቁ። ሚስ ታሮሳ እስከ መጨረሻው ሰማችና አላውቀውም አለች። ደራሲው ወረቀቱን የሚሰጣቸው በዕለቱ ጧት ነበር፤ የማግስቱን እሱ ራሱም አያውቅም። እንግዲያው መጥተሽ ከራስሽ ፍጠሪላት ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። እኔ የሰው ቃል እናገራለሁ እንጂ የራሴ ቃል የለኝም፤ ጉልበቴም መንገድ አይችልም፤ ያን ድምፅ ዳግመኛ አላወጣውም ብያለሁ አለች። ማናንግ ትሪኒንግ ዓሣ ሻጭ ናትና ተከራከረች። ሚስ ታሮሳ ግን ፍንክች አላለችም።

እኔ ለዚህ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ጓዳው ሾልኬያለሁ። በኮሪደሩ ጫፍ አንድ በር አለ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«አምፓሮ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ አፌን በሩ ላይ ለጥፌ። «አለሽ?»

ያቺው በሬዲዮ የማውቃት የአምፓሮ የማር ድምፅ መጣች። «ማነው እሱ?»

ዛሬ እነግራችኋለሁ። ያ ክፍል የሩዝ ጆንያና የተዋጊ ዶሮዎች መኖ የሚቀመጥበት ነበር። ሚስ ታሮሳ ኬክ ልትጨምር ኩሽና ገብታ ነበር፤ ኩሽናው ከጀርባዬ በመጋረጃ ብቻ የተለየ ነው። ዶኛ ፕሪሚቲቫንም አምፓሮንም የምትሠራው እሷው ነበረች፤ ሁለቱን በአንድ ማይክሮፎን ፊት፣ አንዴ አንገቷን ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያዘነበለች። እኔ ያን ጊዜ የማውቀው አምፓሮ መመለሷን ብቻ ነው።

ላስፈታሽ መጥቻለሁ አልኳት። እንቁላልም ይዤልሻለሁ አልኳት፤ ግን በበሩ ሥር አልገባ አለኝ። ስወጣ እበላዋለሁ፣ እስከዚያ ያዥልኝ አለችኝ። ከዚያ ስለ ሎላ ጠየቀችኝ። ምግቡን ማን ይሠራላታል? እናቴ። ትበላለች? አትበላም፤ ሳህኑን በክርኗ ትገፋዋለች። እናትሽ ምን ትላለች? ምንም አትልም፤ ሳህኑን አንሥታ ትወጣለች። ሎላ እናትሽን ማን ብላ ነው የምትጠራት? ያቺ። ያቺ ሸንኮራ ቆራጭ።

«አያትሽ ስለ እኔ ታስባለች?» አለች አምፓሮ።

ይህን መመለስ ጨነቀኝ፤ ግን ለታሰረ ሰው አይዋሽም። «ስለ አንቺ ጠይቃ አታውቅም» አልኳት። «የምትጠይቀው ስለ ዶኛዋ ነው። ዶኛ ፕሪሚቲቫ ምን ትሆን ይሆን፣ ማን ያዝንላታል ትላለች። ሌሊት ስለሷ ታለቅሳለች። አትቀየሚያት፤ ታማ ነው።»

ከኩሽናው አፍንጫ ሲናፈጥ ተሰማኝ።

ሚስ ታሮሳ ወደ ሳሎን ተመልሳ፣ ጫማዬን አምጡልኝ አለች። ማናንግ ትሪኒንግ ክርክሬ ነው ያሸነፈ ብላ እስክትሞት ድረስ ታወራው ነበር። እኔም የማውቀውን አልነገርኳትም፤ ያን ጊዜ የማውቀው አልነበረኝማ። ዛሬ ሳስበው ሴትዮዋ ያን ሁሉ ዓመት ለዚያ ድምፅ ጥፊና የትናንት ዓሣ ብቻ ስትቀበል ኖራ፣ ለዶኛዋ የሚያለቅስ ሰው መኖሩን የሰማችው ያን ቀን ከእኔ አፍ ነው።

ጂፕኒው ላይ የሚስ ታሮሳን ልብስ ይዤ፣ አምፓሮስ የት አለች አልኳት። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «እኔ ካለሁበት አትርቅም፤ ግን ዓይነ አፋር ናት» አለችኝ። ስለዚህ ከጎኔ ለአምፓሮ ቦታ ያዝኩ። ማናንግ ኦፔ ልትቀመጥበት ስትል ጮህኩባት፤ በጥፊው አፍራ ስለነበር እሺ ብላ መንገዱን እኩሌታ ቆማ ሄደች።

በመልሱ ጉዞ የአምፓሮ መጨረሻ እንደ ዓሣ ለጨረታ ወጣ። ማናንግ ትሪኒንግ ዶኛዋ ከደረጃው ተንከባልላ አሳማዎቹ መሐል እንድትወድቅ ትፈልጋለች። ማናንግ ኦፔ ባልየው ተመልሶ መንታ ልጆች እንዲወልዱ ትፈልጋለች። አንዷ ዶኛዋ ዓይኗ ይጥፋ ስትል ሌላዋ ዓይኗስ ይቅር፣ ጥርሷ ይበቃል ትላለች። ማኖንግ ቤሮይ ሳይቀር አምፓሮ መንጃ ፈቃድ ታውጣ አለ። ሚስ ታሮሳ ለሁሉም እሺ ትላለች። አንዳንዴ ያን ሳቅ ትለቀዋለች፤ ያን ጊዜ ሁሉም ተንጫጭተው ይተቃቀፋሉ፤ መንገድ ዳር ያሉ ዶሮዎች ይበተናሉ። ጂፕኒው በሳቅ የሚሄድ ይመስል ነበር። እኔ ብቻ ኮስተር ብዬ ባዶውን ቦታ እጠብቃለሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ሚስ ታሮሳ ወደ ሎላ ክፍል አልገባም አለች። ሬዲዮ ፊት የለውም አለች። ክፍሉንና ኩሽናውን የሚለየው የተጠለፈ የቀርከሃ ግድግዳ ነው፤ እሷ በኩሽናው በኩል፣ እናቴ አጥሚት ከምታማስልበት ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ መስኮቱ ላይ ተደራረቡ። እኔ ከሎላ አልጋ ጫፍ ተቀመጥኩ። ሎላ ዓይኗን ጨፍናለች፤ የአንገቷ ሥር ብቻ ይመታል።

ከግድግዳው ውስጥ ደረጃው ሲጥ ሲጥ አለ። ሚስ ታሮሳ በርጩማውን ነበር የምታወዛውዘው። ቁልፉ ዞረ። ሎላ ዓይኗን ገለጠች።

«አምፓሮ» አለች ዶኛ ፕሪሚቲቫ። እንደዚያ ዝቅ ብላ ተናግራ አታውቅም። «ፊትሽን አዙረሽብኛል። ላንቺ የምለው ነገር ነበረኝ።»

ንግግሯን እዚያ ላይ አቋረጠች። ማናንግ ትሪኒንግ መስኮቱ ላይ ተቁነጠነጠች። ሎላ በክርኗ ተደግፋ ከትራሷ ቀና አለች።

«በያት እንጂ» አለች ለግድግዳው። «ምን ይዘጋሻል?»

«ምን ልበላት?» አለች ዶኛዋ። «ቃሉን አላውቀውም። እኔ እድሜ ልኬን ሳህን መወርወር ነው የማውቅ። ባሲሊያ፣ አንቺ ታውቂው እንደሆነ ንገሪኝ።»

ሬዲዮው በስሟ ሲጠራት ሎላ አልደነገጠችም። ስንት ዓመት ሙሉ ይጠራኛል ብላ ስትጠብቅ የኖረች ነበር የምትመስለው። እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አሻሸች።

«አጥፍቻለሁ በያት» አለች። ትንፋሽ ወሰደች። «ልጄን የወሰደችብኝ መስሎኝ ነው በያት። እጅሽን ንቄ ከእጅሽ ስበላ ኖርኩ፤ አንድ ቀን ሳታስርቢኝ በያት።»

«ለማን ነው የምለው?» አለች ዶኛ ፕሪሚቲቫ።

ሎላ ጣራውን አየች። «ለኔልያ» አለች።

የእናቴ ስም ነው። ሎላ ስሟን ማወቋን እንኳ አላውቅም ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የድስት ክዳን ወድቆ ተሽከረከረ።

ከዚያ አንዲት ድምፅ መጣች። «ይብሉ እንጂ ናናይ፤ ሳይቀዘቅዝ።»

እናቴ ለሬዲዮው ጊዜ የሌላት ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከቀትር በኋላ ልብስ የምታጥበው በኮኮናቱ በኩል የሆነው በምክንያት እንደ ነበር የነገረችኝ እኔ ራሴ አግብቼ የአማት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ያወጣቻትን ያቺን ቃል ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ጉሮሮዋ ላይ አድርሳ መልሳ ውጣታለች።

ሎላ መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ወደ ሳል ሄደ፣ ሳሉ ወደ ለቅሶ፣ ተመልሶ ወደ ሳቅ መጣ። መስኮቱ ላይ ማናንግ ኦፔ ታነባለች፤ ማናንግ ትሪኒንግ አሳማዎቹን ረስታ ፊቷን በጨርቅ ትጠርጋለች። ሎላ ያን ቀን ከአጥሚቱ ሁለት ሳህን በላች። ሎላ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች፤ ዘጠኙንም ዓመት፣ ኔልያ አጥሚቱን አቀጠንሽው እያለች፣ ራሷ በቀጥታ፣ ያለ እኔ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ አላየሁም። ድምፁን እንደ ሰማሁ አምፓሮ ተፈታች ብዬ ግድግዳውን ዞሬ ሮጫለሁ። ኩሽናው ውስጥ ሚስ ታሮሳ አፏን በእጇ ይዛ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ከእሷ ሌላ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሳህን ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ እርጥብ ነው። የድስቱ እንፋሎት መሰለኝ።

ትንሽ አሰብኩ። ባሏ ባሕር ተሻግሮ የሄደ፣ አማቷ ሳህን የምትገፋባት፣ ምንም ብትባል ምግብ የምታቀርብ። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። በሁለት እጇ ሳህን ስለያዘች፣ እንቁላሉን አውጥቼ በቀሚሷ ኪስ ከተትኩላት። ጂፕኒው ውስጥ ተጨፍልቆ ነበር።

«ብዪ» አልኳት። «ስፈልግሽ ሳን አኒሴቶ ድረስ ሄጄ ነበር።»